ጥምር ቅጽልና የመጽሐፍ ሒስ፤ በእንግሊዝኛ ድርሰት ትምህርት ውስጥ ስለ ተለመደ አንድ አሠራር

እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን፣ ተማሪው በዚህ ቋንቋ የሚጽፈው ጽሑፍ የቋንቋ መልመጃ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የታሪክ መምህሩም ሆነ የሥነ ሕይወት መምህሩ የተማሪውን ዕውቀት የሚመዝኑት በዚሁ ቋንቋ በተሰጠ መልስ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የድርሰት ክፍለ ጊዜ የሚለመድ የአጻጻፍ ጠባይ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች መሻገሩ የማይቀር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእነዚህ ልማዶች አንዱን፣ ምናልባትም ትንሽ የሚመስለውን ነው። የመጽሐፍ ሒስ አጻጻፍን ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በቃላት ዝርዝር ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጥምር ቅጽሎች ይደረደራሉ። ጥምር ቅጽል ማለት በእንግሊዝኛ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጭረት ተያይዘው፣ አንድን ስም እንደ አንድ ቃል ሆነው የሚገልጹበት ነው፤ «ቶት-ፕሮቮኪንግ» (ሐሳብ ቀስቃሽ)፣ «ፋስት-ፔስድ» (ፈጣን አካሄድ ያለው)፣ «ዌል-ሪትን» (በሚገባ የተጻፈ)፣ «ሀርትብሬኪንግ» (ልብ ሰባሪ) የመሳሰሉት ናቸው። ከዝርዝሩ ቀጥሎ የሒሱ ቅርጽ ይሰጣል፤ የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ አጭር ታሪክ፣ አስተያየት፣ በመጨረሻም «ይህን መጽሐፍ ለሁሉም እመክራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ተማሪው ከዝርዝሩ አምስት ወይም ስድስት ቃላት መርጦ በቅርጹ ባዶ ቦታዎች ያስገባል። መምህሩም ቃላቱ በትክክል መጻፋቸውን አይቶ ነጥብ ይሰጣል።

አሠራሩ ከየት እንደ መጣ መመልከት ይጠቅማል። የእንግሊዝኛ ትምህርት በዓለም ዙሪያ ሲስፋፋ የፈተና ዝግጅት ትምህርትም አብሮ ተስፋፍቷል። ለምሳሌ በካምብሪጅ የሚዘጋጀው «ቢ2 ፈርስት» የተባለው ፈተና፣ ተፈታኙ በጽሑፍ ክፍሉ መርጦ ሊሠራቸው ከሚችላቸው የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ ሒስ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከ140 እስከ 190 ቃላት ነው። ነጥብ የሚሰጠው በአራት መለኪያዎች ነው፤ ይዘቱ፣ ለዓላማውና ለአንባቢው የተስማማ መሆኑ፣ አደረጃጀቱ፣ ቋንቋው። እንዲህ ባለ አጭር ጽሑፍ ውስጥ የቋንቋ ሀብትን ለማሳየት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ጥምር ቅጽል መሆኑ ግልጽ ነው። ፈተናው የሚመዝነው የቋንቋ ችሎታን ነውና ተፈታኙ የጠቀሰውን መጽሐፍ በእርግጥ ማንበቡን የሚያጣራ የለም። ለዚያ ፈተና ለሚዘጋጅ ሰው ዝርዝሩን ማጥናት አላዋቂነት አይባልም።

ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ብሔራዊ ፈተናችን በምርጫ ጥያቄዎች የሚሠራ እንጂ የመጽሐፍ ሒስ የሚያስጽፍ አይደለም። ስለዚህ ተማሪያችን የቃላቱን ዝርዝር የሚሸመድደው ለማይቀርብለት ፈተና ነው። መምህሩ ሒስን የሚያስተምርበት ምክንያት ሊሆን የሚገባው፣ ተማሪው አንብቦ ያገኘውን ነገር እንዲመዝንና ሚዛኑን ለሌላ ሰው እንዲያስረዳ ማስቻል ከሆነ፣ ዝርዝሩ ይህን ያደርጋል ወይ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ለመልሱ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ለምሳሌ ያህል በዚህ አሠራር ሊጻፍ የሚችል አንድ አንቀጽ በአማርኛ እናስቀምጥ፦ «ይህ መጽሐፍ በሚገባ የተጻፈ፣ ሐሳብ ቀስቃሽና ልብ ሰባሪ ታሪክ ነው። አካሄዱ ፈጣን ስለሆነ አንባቢውን አይለቅም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጠንካራ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። መጽሐፉን ለሁሉም እመክራለሁ።» በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይህ አንቀጽ ስሕተት ላይገኝበት ይችላል፤ አራት ወይም አምስት ጥምር ቅጽሎችም ይዟል። አሁን ከላዩ ያለውን የመጽሐፍ ስም አንሥተን የሌላ መጽሐፍ ስም እንተካበት። ምንም አይጎድልም፤ ምንም አይጋጭም። ርዕሱ ሲለወጥ የማይናወጥ አንቀጽ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ አልተናገረም ማለት ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ተማሪ እንደዚህ ሊጽፍ ይችላል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ያነበበውና ብዙ ያሰበበት ተማሪም ልክ እንደዚሁ መጻፉ ነው፤ መምህሩም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አያገኝም።

ይህ ነውር የእንግሊዝኛ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። በአማርኛ ልብ ወለድ ሽፋኖች ላይ «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ቃል የማይታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ዛሬ «ዘመን አይሽሬ» ሲባልም እንሰማለን፤ ዘመኑ ገና ሳይመጣ! የሽፋን ቋንቋ የመሸጫ ቋንቋ ነው፤ ሥራውም ገዥን መጥራት ነው። ሒስ ግን ለአንባቢ ማስረዳት አለበት። ዝርዝሮቹን ልብ ብሎ ለተመለከታቸው «ቤስት-ሴሊንግ» (ብዙ የተሸጠ) እና «አዋርድ-ዊኒንግ» (ሽልማት ያገኘ) የሚሉትም ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። እነዚህ ስለ መጽሐፉ ገበያና ዝና የሚነገሩ ማስረጃዎች እንጂ የአንባቢ ፍርድ አይደሉም፤ ተማሪው ከሽፋኑ ላይ ገልብጦ የራሱ አስተያየት አድርጎ ሲያቀርባቸው ልዩነቱን የሚነግረው የለም።

ለዝርዝሩ የሚቀርበውን መከላከያ በቸልታ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ቃል የሌለው ተማሪ ሐሳብ ቢኖረውም ይታፈናል፤ «መጽሐፉ ጥሩ ነው» ከማለት በላይ መሄጃ አያገኝም፤ ዝርዝሩ ቢያንስ አፉን ይከፍትለታል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። «ጉድ» እና «ናይስ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ «ቶት-ፕሮቮኪንግ» የሚለውን ሲያገኝ ትልቅ ርምጃ እንደ ተራመደ ይሰማዋል፤ መብቱም ነው። የዚህ ጽሑፍ ተቃውሞ በቃላቱ ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው። ቃሉ ከንባቡ በፊት ሲሰጥ፣ ተማሪው ለቃሉ የሚስማማ ነገር ከመጽሐፉ መፈለግን እንኳ ይተዋል፤ ቃሉ ራሱ መልስ ይሆንለታል።

ጥምር ቅጽል በባሕርዩ ምን እንደ ሆነ ብናስተውል የተሻለው ቅደም ተከተል ይገለጥልናል። ጥምር ቅጽል የታጠፈ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሀርትብሬኪንግ» በሚለው ውስጥ «ልብ ይሰብራል» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ «ዌል-ሪትን» በሚለው ውስጥ «አንድ ሰው በሚገባ ጽፎታል» የሚል አለ። ዓረፍተ ነገሩ ሲዘረጋ ጥያቄዎቹ ወዲያው ይነሣሉ፤ የማንን ልብ ይሰብራል? በየትኛው ምዕራፍ? በሚገባ የተጻፈው ምኑ ነው፤ ምልልሱ ነው ወይስ የአገሩ ገለጻ? እንግዲህ ተማሪው መጀመሪያ የተዘረጋውን ዓረፍተ ነገር በሚያውቀው ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ እንዲያጥፈው ይማር። በዚህ መንገድ ቅጽሉ ማስረጃውን ይዞ ይመጣል።

በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትምህርት ቤቶች በሚነበብ አንድ መጽሐፍ ነገሩን እንመልከት። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በሦስት ክፍሎችና በ25 ምዕራፎች የተዋቀረ አጭር ልብ ወለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ ይባላል። ተማሪው ስለ እርሱ «ሾርት-ቴምፐርድ» (ግልፍተኛ) የሚለውን ቃል ከሰሌዳ ከመቅዳቱ በፊት ያነበበውን ይናገር፤ ማንም ሰው ክፉ ቃል እንኳ በማይናገርበት በሰላም ሳምንት ኦኮንክዎ ምሳ አላዘጋጀችም ብሎ ታናሽ ሚስቱን ደበደበ፤ በሌላ ቀን በሁለተኛ ሚስቱ ላይ ጠመንጃ ተኩሶ ሳታት። ይህን የጻፈ ተማሪ ቅጽሉን ሲጨምር ቃሉ ክብደት ያገኛል። «ሃርድ-ዎርኪንግ» (ታታሪ) ለሚለውም እንዲሁ፤ ከአባቱ ምንም ያልወረሰው ወጣት ከባለጸጋው ንዋኪቢዬ 800 የያም ዘር (ያም በደቡብ አገራችን ቦዬ የምንለው ዓይነት ሥራ ሥር ነው) በተካፋይነት ወስዶ፣ ድርቅና ዝናም በተፈራረቁበት በዚያ ክፉ ዓመት ተስፋ ሳይቆርጥ መትከሉ ተጽፏል።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሚያከራክረው ቃል ነው። ኦኮንክዎ «ሃርድ-ሀርትድ» (ልበ ደንዳና) ነው ወይ? ሦስት ዓመት በቤቱ ያደገውን፣ «አባቴ» እያለ የሚጠራውን ልጅ ኢኬሜፉናን በገዛ እጁ መትቶ ገድሎታል። ነገር ግን ደራሲው ይህን ያደረገው ደካማ ተብሎ እንዳይታይ በመፍራት መሆኑን ይነግረናል። በኋላም ምግብ መቅመስ አቅቶት ተቀምጧል። ልጁ ኤዚንማ ስትታመም ተነሥቶ ለመድኀኒት የሚሆን ቅጠልና ሥር ሊለቅም ይሄዳል፤ ካህኒቱ ልጅቱን ይዛ በጨለማ ስትወጣም እስከ ዋሻው ድረስ ይከተላል። እንግዲህ ልቡ ደንዳና ነው ወይስ ደንዳና መስሎ ለመታየት የሚታገል ነው? ተማሪዎች በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለው ቢከራከሩ፣ በዚያች ሰዓት ሒስን እየሠሩ ናቸው። «ሃርድ-ሀርትድ» የሚለውን የሚጽፈውም፣ የሚቃወመውም ገጹን ገልጦ ማሳየት ይኖርበታል።

«ፋስት-ፔስድ» ስለሚለውም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ዝርዝር ያጠና ተማሪ ለማንኛውም መጽሐፍ የሚሰጠው ቃል ይህ ነውና። የአቼቤ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ሠርጉን፣ ትግሉን፣ የአዝመራ በዓሉን፣ ሽምግልናውን እየዘረዘረ በዝግታ ይሄዳል። ኦኮንክዎ ከሰባት ዓመት ስደት ወደ ኡሙኦፊያ ከተመለሰ በኋላ ያለው ሦስተኛው ክፍል ግን ይፈጥናል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ «መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ በኋላ ፈጣን» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጥሎም ዝግታው ጉድለት ነው ወይስ የሚጠፋውን ነገር አስቀድሞ ለማሳየት የታሰበ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ስድሳ ቃላት ከሸመደደው ጓደኛው እጅግ ቀድሞ ሄዷል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። ጥምር ቅጽልን ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ማስተማር፣ መምህሩ የአማርኛውን አሠራር ካስታወሰ፣ ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሁሉንም እንደ አንድ ዓይነት አድርጎ መደርደሩ ነው።

ስምን አስቀድመው ድርጊትን የሚያስከትሉት ለአማርኛ ተናጋሪው ባዕድ አይደሉም። «ሀርትብሬኪንግ» እና «ልብ ሰባሪ» በቃላቸው ቅደም ተከተል አንድ ናቸው፤ «ቶት-ፕሮቮኪንግ» እና «ሐሳብ ቀስቃሽ» እንደዚሁ። «ልብ ሰቃይ»ና «አንጀት አርስ» የሚለውን ከቤቱ ይዞ የመጣ ተማሪ ይህን ሥርዐት ያውቀዋል። እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው «ሀርትብሬኪንግ» እና «ሀርትብሮክን» እንዳይምታቱ ነው። መጽሐፉ ልብ ሰባሪ ነው፤ አንባቢው ልቡ የተሰበረ ነው። በአማርኛ «ሰባሪ»ንና «የተሰበረ»ን የሚያምታታ ተማሪ የለም፤ ስለዚህ ከአማርኛው መነሣት ስሕተቱን አስቀድሞ ያርቀዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ይገለባበጣል። በአማርኛ፣ ከግዕዝ በወረስነው አናባብ፣ የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ልበ ቀና»፣ «ሆደ ሰፊ»፣ «አንደበተ ርቱዕ» እንላለን፤ ስሙ ይቀድማል፣ ቅጽሉ ይከተላል። በኦሮምኛም «ገራ ላፋ» (ሆደ ርኅሩኅ እንደ ማለት) ሲባል ሆድ ቀድሞ ልስላሴው ይከተላል። እንግሊዝኛው «ካይንድ-ሀርትድ» ሲል ግን ቅጽሉን ያስቀድማል። ተማሪው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው በቀጥታ ቢሻገር «ሀርት-ካይንድ» የሚል የማይታወቅ ቃል ይፈጥራል። ከዚህም በላይ በቃሉ መጨረሻ የሚገኘው «ኢዲ» ያለፈ ጊዜን የሚያመለክት ግሥ ይመስለዋል፤ «ልብ»ን ግሥ አድርጎ ሊፈታው ሲሞክር ትርጕሙ ይጠፋበታል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቃል በአማርኛ አለ፤ «ባለ» የሚለው ነው። «ባለ መልካም ልብ» ስንል ከ«ባለ» በኋላ ያሉት ሁለት ቃላት ልክ እንደ እንግሊዝኛው ቅጽል ቀድሞ፣ ስም ተከትሎ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛው «ባለ»ን አንሥቶ በቃሉ መጨረሻ እንደ «ኢዲ» ይሰፋዋል ማለት ነው። ተማሪው «ባለ ሁለት ፎቅ ቤት» ማለትን ስለሚያውቅ፣ በዚህ ድልድይ «ስትሮንግ-ዊልድ» (ባለ ጠንካራ ፈቃድ) እና «ናሮው-ማይንድድ» (ባለ ጠባብ አስተሳሰብ) የሚሉትን በራሱ ሊሠራቸው ይችላል። አማርኛው «አፈ ቅቤ» የሚለውን እንግሊዝኛው «ሃኒ-ታንግድ» (ባለ ማር ምላስ) ማለቱን ሲያገኝም ይስቃል፤ ሳቁም ቃሉን ያስይዘዋል።

ቁጥር ያለባቸውን በተመለከተ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። «የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ» ስንል «ገጽ» በነጠላ ቁጥር ነው፤ በእንግሊዝኛም በጥምር ቅጽል ውስጥ «ፔጅ» እንጂ «ፔጅስ» አይባልም። ስለዚህ እዚህ ላይ «ፔጅስ» ብሎ የሚሳሳት ተማሪ ስሕተቱን ከአማርኛ አላመጣውም፤ ከቁጥር በኋላ ሁልጊዜ ብዙ ቁጥር ይሁን ተብሎ በእንግሊዝኛው ክፍል ከተማረው ደንብ እንጂ። ስለ ጭረቱ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ «ዌል-ሪትን» ከስሙ በፊት ሲመጣ ጭረት ይያዛል፣ ከግሡ በኋላ ብቻውን ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጭረት ይጻፋል፤ «ሀርትብሬኪንግ»ን የመሰሉት ደግሞ ከነጭራሹ ተጋጥመው አንድ ቃል ሆነዋል።

ይህ ሁሉ መጽሐፍ መኖሩን ይጠይቃል፤ ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጂ ማቅረብ የማይችሉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎች ናቸው፤ ዝርዝሩ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያትም መጽሐፍ ሳይኖር ማስተማር ስለሚያስችል ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ቅጂ ባለበት ክፍል መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ቢያነብና ክፍሉ በሙሉ ስለዚያው አንድ መጽሐፍ ቢጽፍ ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ጥቅም እንኳ አለው፤ ሁሉም የሰሙትን ታሪክ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚጽፍ ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ የሚሆኑ የአገራችን ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» አንድ ጎጆ ሲቃጠል የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አጥፊውን እንዴት እንደሚፈልግ ይተርካል። አፈርሳታን ወይም አውጫጭኝን ከአያቶቹ የሰማ ተማሪ ገለጻው እውነተኛ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የውጭ አገር ሐያሲ በማይችለው መንገድ ሊፈርድ ይችላል። የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» (1973 እ.ኤ.አ.) ቋንቋው ከበድ ያለ ስለሆነ ለላይኞቹ ክፍሎች ቢቆይ ይሻላል።

የመምህሩ መምሪያ ለሚያዘጋጁና መርሐ ትምህርቱን ለሚያቅዱ ባለሙያዎች የሚቀርበው ሐሳብ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ የሒስ ትምህርት የሚሰጡት ጥምር ቅጽሎች ከስድስት ባይበልጡ፣ እነርሱም ከንባቡ በኋላ እንጂ በፊት ባይሰጡ መልካም ነው። ነጥብ አሰጣጡም ቢስተካከል፤ ማስረጃ ያልተከተለው ቅጽል ምንም ያህል በትክክል ቢጻፍ ነጥብ አያስገኝ፤ ማስረጃ የቀረበበት ፍርድ ግን ቅጽሉ ቢሳሳት እንኳ ከፊል ነጥብ ያግኝ። ተማሪ በበዛበት ክፍል ይህን ሁሉ ማረም ለመምህሩ ከባድ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። ሆኖም አንድ ገጽ ሙሉ ሒስ ከማስጻፍ ይልቅ አራት ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ሁለት የተዘረጉና ሁለት የታጠፉ፣ ማስጻፍ ይቻላል፤ ተማሪዎችም ደብተር ተለዋውጠው ከእያንዳንዱ ጥምር ቅጽል አጠገብ «የት ላይ?» ብለው በእርሳስ ሊጽፉ ይችላሉ። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራንም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንዱ «ልበ ቀና»ንና «ባለ»ን፣ ሌላው «ካይንድ-ሀርትድ»ን ቢያስተምሩ፣ የሚያስፈልጋቸው በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚያደርጉት የጥቂት ደቂቃ ንግግር ብቻ ነው።